የተከፈተ ስኬት አመዘጋገብ፦ በጃቫስክሪፕት አሬይና ኦብጀክት

በኮምፒውተር ጨዋታ ዓለም «አቺቭመንት» የሚባለው፣ በአማርኛም ስኬት ተብሎ ሊጠራ የሚችለው ነገር፣ ተጫዋቹ አንድን ተለይቶ የተደነገገ ተግባር መፈጸሙን ጨዋታው ራሱ የሚመሰክርበት ምልክት ነው። ተግባሩ እስኪፈጸም ድረስ ተቆልፎ፣ ከተፈጸመ በኋላ ደግሞ ተገልጦ ስለሚታይ በሙያው አነጋገር ስኬቱ «ተከፈተ» ይባላል። ምልክቱ ከአንዲት ትንሽ ሥዕልና ከአንድ ሁለት መስመር ጽሑፍ ባያልፍም ከበስተጀርባው ያለው ግዴታ ግን ከባድ ነው፤ ጨዋታው አንድ ጊዜ ምስክርነቱን ከሰጠ በኋላ ቃሉን ማጠፍ አይገባውምና። ተጫዋቹ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ቢመለስ፣ ጨዋታው በአዲስ እትም ቢተካ፣ የስኬቶቹ ዝርዝር ቢረዝም ወይም ስማቸው ቢለወጥ፣ የተመሰከረው ነገር እንደ ጸና መቆየት አለበት። ይህ ዲስኩር የሚሟገተው፣ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ስኬቶችን ለመመዝገብ አሬይ ይሻላል ወይስ ኦብጀክት የሚለው የተለመደ ጥያቄ ከዚህ ግዴታ ተነጥሎ ሊመለስ እንደማይችል፣ መልሱም የሚጀምረው የስኬቱን መግለጫ ከተጫዋቹ መዝገብ በመለየት እንደሆነ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምስክርነቱ ጉዳይ ዛሬ ከሚታወቀው የስኬት ሥርዓት በዕድሜ ይበልጣል። በ1979 የተመሠረተው አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ ለአታሪ 2600 መጫወቻ ባዘጋጃቸው ጨዋታዎች ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ተጫዋች የቴሌቪዥኑን ስክሪን ፎቶግራፍ አንሥቶ በፖስታ ሲልክ፣ ኩባንያው በልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ ዓርማ ይልክለት ነበር፤ በ1982 ለወጣው ፒትፎል ለተሰኘው ጨዋታ የተጠየቀው 20,000 ነጥብ ነበር። በዚያን ጊዜ መጫወቻው ኃይል ሲቋረጥ ነጥቡን ስለሚረሳ፣ የማስታወሱ ሥራ በፎቶግራፉና በኩባንያው ሠራተኛ ላይ የወደቀ ነበር። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 2005 ኤክስቦክስ 360ን ለገበያ ሲያቀርብ በመጫወቻው የሚሠሩ ጨዋታዎችን ሁሉ የሚያቅፍ የስኬትና የነጥብ ሥርዓት አብሮ አመጣ፤ በ2007 ስቲም የተባለው የጨዋታ መድረክ፣ በ2008 ደግሞ ሶኒ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ብሎ በደረጃ በከፈላቸው ዋንጫዎቹ ተከተሉት። በእነዚህ ሥርዓቶች መዝገቡን የሚጠብቀው የመድረኩ ባለቤት ነው። በብራውዘር ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ ስለሌለው፣ መዝገቡን ማሰብም፣ መሥራትም፣ መጠበቅም የጨዋታው ሠሪ ፈንታ ይሆናል።

የብራውዘር ጨዋታዎች የሚጻፉበት ጃቫስክሪፕት በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ይሠራ በነበረው በብሬንደን አይክ የተፈጠረ፣ የመጀመሪያው ቅጂም በአሥር ቀን የተጻፈ፣ በ1997 ደግሞ መደበኛ ደረጃ የወጣለት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ቋንቋው ብዙ ነገሮችን በአንድነት ለመያዝ ከሚሰጣቸው መንገዶች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አሬይ ዋጋዎችን በተርታ የሚደረድር ስብስብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዋጋ ኢንዴክስ በሚባል ተራ ቁጥር ይጠራል፤ ቆጠራውም ከ1 ሳይሆን ከ0 ይጀምራል። ኦብጀክት ደግሞ ዋጋዎችን በስም የሚይዝ ስብስብ ነው፤ ስሙ ቁልፍ፣ ቁልፉና ዋጋው በአንድነት ፕሮፐርቲ ይባላሉ። አንድ ስኬት ለብቻው ሲታይ መለያ፣ ርእስ፣ ማብራሪያና ሥዕል ያለው በመሆኑ ተፈጥሮው የኦብጀክት ነው፤ ስኬቶቹ በአንድነት ሲታዩ ግን በስክሪኑ ላይ በተርታ ስለሚቀርቡ አሬይ ይመስላሉ። ስለዚህ ጀማሪ ፕሮግራመር ብዙውን ጊዜ የኦብጀክቶች አሬይ ይሠራና በእያንዳንዱ ኦብጀክት ውስጥ «ተከፍቷል» የሚል ፕሮፐርቲ አኑሮ ዋጋውን መጀመሪያ ሐሰት፣ ተግባሩ ሲፈጸም ደግሞ እውነት ያደርገዋል። ይህ አሠራር ለመነሻ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም በዓለም ላይ ሰዎች በስፋት ከተጫወቷቸው የጃቫስክሪፕት ጨዋታዎች አንዱ በመሠረቱ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ያ ጨዋታ ፈረንሳዊው ጁልየን ቲየኖ፣ ኦርቴይ በሚለው የሙያ ስሙ፣ በኦገስት 2013 ያወጣው ኩኪ ክሊከር ነው። ተጫዋቹ አንድን ትልቅ ብስኩት በመዳፊት ደጋግሞ ጠቅ እያደረገ ብስኩት ያመርታል፤ በምርቱም ሥራውን የሚያፋጥኑለትን ሕንፃዎችና ማሻሻያዎች ይገዛል። ስኬቶቹ ዛሬ ከ600 በላይ ናቸው። የብራውዘር ጨዋታ በመሆኑ ኮዱን ማንም ከፍቶ ሊያነበው ይችላል፤ ለዚህ ዲስኩር ጉዳይ ከብዙ የመማሪያ ምሳሌዎች ይልቅ የሚመረጠውም ስለዚህ ነው፤ ለዓመታት ሲሰፋና ሲታደስ የኖረ ኮድ ለማስተማሪያ ብቻ የተጻፈ ኮድ የማያውቃቸውን ፈተናዎች አልፏልና።

በኩኪ ክሊከር አንድ ስኬት በተፈጠረ ቁጥር ስም፣ ማብራሪያ፣ ሥዕልና «ተገኝቷል» የሚል፣ በ0 የሚጀምር ፕሮፐርቲ ያለው ኦብጀክት ይሠራል፤ ይኸው ኦብጀክት በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ይገባል፤ በአንድ በኩል በስም በሚጠራ ትልቅ ኦብጀክት ውስጥ፣ በሌላ በኩል በቁጥር በሚጠራ አሬይ ውስጥ። ይህ ሲታይ ድግግሞሽ ይምሰል እንጂ አይደለም። ጃቫስክሪፕት አንድን ኦብጀክት በአንድ ስብስብ ውስጥ ሲያኖር የሚያኖረው ቅጂውን ሳይሆን ወደ እሱ የሚያመለክት ጠቋሚ ስለሆነ፣ በስም ተፈልጎ የተገኘው ስኬት «ተገኝቷል» የሚለው ፕሮፐርቲው ወደ 1 ቢለወጥ፣ በተራ ቁጥር በኩል ለሚመጣውም ያው 1 ሆኖ ይጠብቀዋል። ጨዋታው አንድን ስኬት ለመክፈት ሲፈልግ ስሙን ያውቃልና በኦብጀክቱ በኩል ያለ ፍለጋ በቀጥታ ይደርሳል፤ ሁሉንም ለማስቀመጥ ሲፈልግ ደግሞ ተራ ያስፈልገዋልና በአሬዩ በኩል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሄዳል። አሬይ ወይስ ኦብጀክት ለሚለው ጥያቄ የዚህ ጨዋታ መልስ «ሁለቱም፣ በአንድ እውነት ላይ» የሚል ነው፤ መልሱም ትክክል ነው።

ስኬትን የሚከፍተው ፈንክሽን፣ ማለትም በስም እየተጠራ አንድን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራው የኮድ ክፍል፣ «ዊን» ይባላል፤ አጭርነቱ አድናቆት የሚገባው ነው። የስኬቱን ስም ይቀበላል፣ በዚያ ስም የተመዘገበ ስኬት መኖሩን ያያል፣ ከዚያም ስኬቱ ቀድሞ ያልተከፈተ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ይህ ሁሉ ሲሟላ ብቻ ምልክቱን ወደ 1 ይለውጣል፣ ማስታወቂያውን ያሳያል፣ ቆጣሪውን ይጨምራል። ከአንድ ስም ይልቅ የስሞች አሬይ ቢሰጠው በተርታ እየሄደ እያንዳንዱን በዚያው መንገድ ይከፍታል። ከሁሉ የሚበልጠው ቀድሞ መከፈት አለመከፈቱን የሚያየው ፍተሻ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው በሰከንድ 30 ጊዜ የሚዞር ሉፕ ያለው ሲሆን፣ ከስኬቶቹ ብዙዎቹ በየአምስት ሰከንዱ እንደገና ይመረመራሉ። አንድ ሚሊዮን ብስኩት ያመረተ ተጫዋች ከአምስት ሰከንድ በኋላም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሚሊዮኑን እንዳለፈ ነው። ፍተሻው ባይኖር ኖሮ ማስታወቂያው እየደጋገመ ይወጣ፣ ቆጣሪውም ያለማቋረጥ ያድግ ነበር። አንድ ሥራ መቶ ጊዜ ቢታዘዝም ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደታዘዘ ሲሆን ብቻ ስኬትን መክፈት ለሚባለው ተግባር ብቁ ይሆናል።

ስለ ቆጣሪው ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። በኩኪ ክሊከር እያንዳንዱ መደበኛ ስኬት ለተጫዋቹ 4 በመቶ «ወተት» ይጨምርለታል፤ ወተቱም የድመት ግልገሎች ከሚባሉት ማሻሻያዎች ጋር ሲጣመር የብስኩቱን ምርት ያበዛል። እንግዲህ የተከፈቱ ስኬቶች ቁጥር ለጌጥ የሚታይ ቁጥር ሳይሆን የጨዋታውን ኢኮኖሚ የሚነካ ቁጥር ነው። ነገር ግን የተከፈተ ሁሉ አይቆጠርም፤ «የጥላ ስኬቶች» የሚባሉ፣ በአጋጣሚ ወይም እጅግ አድካሚ በሆነ መንገድ የሚገኙ ስኬቶች ስላሉና እነርሱን ያላገኘ ሰው እንዳይጎዳ ስለታሰበ፣ ከወተቱ ስሌት ውጭ ተደርገዋል። ቆጣሪን ከመዝገቡ ለይቶ መያዝ አንድ ቀን ሁለቱ እንዳይስማሙ በር ይከፍታል፤ ጨዋታው ይህን አደጋ የሚያስወግደው ተጫዋቹ በተመለሰ ቁጥር ቆጣሪውን ከ0 አስነሥቶ ከተከፈቱት ስኬቶች እንደገና በመቁጠር ነው። በዘመናዊው ጃቫስክሪፕት ደግሞ በ2009 ወደ ቋንቋው የገባው «ፊልተር» የተባለው የአሬይ ፈንክሽን፣ ቅድመ ሁኔታ የሚያሟሉትን ብቻ መርጦ አዲስ አሬይ ስለሚሰጥ፣ የተከፈቱትንና መደበኛ የሆኑትን አጣርቶ ርዝመቱን መጠየቅ ይበቃል። ለጥቂት መቶ ስኬቶች ይህ የሚፈጀው ጊዜ ከምንም አይቆጠርም፤ በፍጥነት ስም የተለየ ቆጣሪ የሚይዙ ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተርፉት ስህተት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ መድረስ ይቻላል። «ተገኝቷል» የሚለውን ምልክት ከስሙ፣ ከማብራሪያውና ከሥዕሉ ጋር በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ማኖር ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ስሙና ማብራሪያው የጨዋታው ሠሪ ንብረት ናቸው፤ በሚቀጥለው እትም ሊያርማቸው፣ ሊያሳምራቸው፣ ሊተረጉማቸው ይችላል። መከፈቱ ግን የተጫዋቹ ንብረት ነው፤ ሠሪው በአደራ ይይዘዋል እንጂ አይነካውም። በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሉ የኮርሶች ዝርዝርና በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት የሚጠበቀው የተማሪ ውጤት ማስረጃ ተለያይተው የሚቀመጡት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኮርሱ ቢቀየር ወይም ቢሰረዝ የቀድሞው ተማሪ ያገኘው ውጤት አይሰረዝም። በጃቫስክሪፕት ሲጻፍም መግለጫዎቹ በአንድ አሬይ፣ በሠሪው በተወሰነላቸው የማሳያ ተራ ይቀመጣሉ፤ የተጫዋቹ መዝገብ ደግሞ ቁልፉ የስኬቱ መለያ፣ ዋጋው የተከፈተበት ጊዜ የሆነ ሌላ ትንሽ ኦብጀክት ይሆናል፤ በስክሪን ላይ የሚታየው ዝርዝር ሁለቱ ሲገናኙ የሚወለድ ሲሆን ራሱን ችሎ የትም አይቀመጥም።

ሁለቱ ሲደባለቁ የሚመጣውን ገደብ ኩኪ ክሊከር በራሱ ላይ ያሳያል። ጨዋታው የተጫዋቹን ሁኔታ ሲያስቀምጥ በአሬዩ ተራ እየሄደ ለእያንዳንዱ ስኬት 1 ወይም 0 ይጽፋል። አጻጻፉ እጅግ ቆጣቢ ነው፤ ከስድስት መቶ በላይ ስኬቶች ከስድስት መቶ በላይ በሆኑ አኃዞች ይያዛሉ። ዳሩ ግን ቦታው ራሱ መለያ ስለሆነ፣ አዲስ ስኬት በመካከል ቢገባ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ በአንድ ቦታ ይንሸራተቱና ተጫዋቹ ያላገኘውን እንዳገኘ፣ ያገኘውን እንዳላገኘ ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ስኬት በኮዱ የሚጨመረው በመጨረሻ ብቻ ነው፤ በስክሪኑ ላይ ከዘመዶቹ ጎን እንዲታይ ደግሞ ከመለያ ቁጥሩ የተለየ «ተራ» የሚባል ሌላ ፕሮፐርቲ ይሰጠዋል። መፍትሔው ብልህ ነው፤ ግን ሠሪው ለዘለዓለም ሊያስታውሰው የሚገባ ሕግ ይተክላል። በመለያ የሚጠራ መዝገብ ይህን ሕግ አይፈልግም።

መለያው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሚገመተው በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ለሰው ዓይን የሚታየውን ርእስ ቁልፍ ማድረግ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ርእሱ የተለወጠ ዕለት ግን የድሮው መዝገብ ባለቤት አልባ ይሆናል። ኩኪ ክሊከር በስም የሚጠራ ስለነበር፣ በኋላ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ሲተረጎም የቀድሞውን ስም እንደ ቁልፍ ትቶ ለማሳያ የሚሆን ሌላ ስም በእያንዳንዱ ስኬት ላይ መጨመር አስፈልጎታል። በአማርኛ ለሚሠራ ጨዋታ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ፊደላትን በቁጥር ወደሚለየው ዩኒኮድ ሲገባ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ ደግሞ 4736 ነው። ስለዚህ ለአንባቢ አንድ የሆኑት «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለጃቫስክሪፕት ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው፤ የቋንቋው የፊደል ማስተካከያ ፈንክሽንም አያስታርቃቸውም። አንዱ ፕሮግራመር በመግለጫው አንደኛውን፣ ሌላው በመክፈቻው ሁለተኛውን ቢጽፍ ስኬቱ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ለዘለዓለም ተቆልፎ ይቀራል። መለያ አጭር፣ ለተጫዋች የማይታይና አንዴ ከወጣ የማይለወጥ ሊሆን ይገባል።

ኦብጀክትን እንደ መዝገብ መጠቀም የራሱ የተሸሸጉ ወጥመዶች አሉት። በጃቫስክሪፕት ተራ ኦብጀክት ባዶ ሆኖ ሲፈጠር እንኳ ፕሮቶታይፕ ከሚባለው ወላጁ የሚወርሳቸው ስሞች አሉት፤ ከእነርሱ አንዱ «ኮንስትራክተር» ነው፣ ገንቢ ማለት። ከተማ የሚገነባበትን ጨዋታ የሚሠራ ሰው ለአንድ ስኬት ይህን ስም መለያ ቢያደርገው የሚያስገርም አይሆንም፤ ከዚያም መዝገቡን በዚህ ቁልፍ ሲጠይቅ ገና ምንም ያልገነባው ተጫዋች ስኬቱን እንዳገኘ ተደርጎ ይመለስለታል፤ የተወረሰው ፈንክሽን በቋንቋው ሕግ ከእውነት ጎን ይቆጠራልና። በ2022 ወደ ቋንቋው የገባው «ሃዝኦውን» የተባለው ፈንክሽን ቁልፉ የኦብጀክቱ የራሱ መሆኑን ብቻ ስለሚያይ ይህን ይከላከላል። ሁለተኛው ወጥመድ ተራን የሚመለከት ነው። ኦብጀክት ቁልፎቹን ሲዘረዝር ሙሉ ቁጥር የሚመስሉትን አስቀድሞ ከትንሽ ወደ ትልቅ፣ ሌሎቹን ደግሞ በገቡበት ቅደም ተከተል ያቀርባል። ተጫዋቹ በመጀመሪያ 30ኛውን፣ ቀጥሎ 4ኛውን፣ ከዚያ 17ኛውን ስኬት ቢከፍት ኦብጀክቱ 4፣ 17፣ 30 ብሎ ይመልሳል፤ የተጫዋቹ ጉዞ ታሪክም ይጠፋል። በ2015 የመጣው «ማፕ» የተባለው ስብስብ ከሁለቱም ወጥመዶች ነፃ ነው፤ ቁልፎችን አይወርስም፣ ቅደም ተከተሉንም እንደ ገባ ይጠብቃል።

አሬይን እንደ መዝገብ የሚመርጥ ሰው በበኩሉ የተከፈቱትን መለያዎች ብቻ በ«ፑሽ» ፈንክሽን ከመጨረሻው ላይ እየጨመረ ይይዛል፤ የመከፈት ቅደም ተከተሉ ያለ ተጨማሪ ድካም ስለሚጠበቅ መንገዱ መልካም ነው። ነገር ግን አሬይ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ለመቀበል አይቃወምም፤ ከመጨመሩ በፊት በ2016 በመጣው «ኢንክሉድስ» መጠየቅ ግድ ነው። በአሬዩ የገባው መለያ ሳይሆን ሙሉው የስኬት ኦብጀክት ከሆነ ደግሞ ይህ ጥያቄ ያሳስታል፤ ለጃቫስክሪፕት ሁለት ኦብጀክቶች ይዘታቸው አንድ ቢሆንም አይተካከሉም፣ የሚተካከሉት በማስታወሻው ውስጥ አንድ አካል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ከተቀመጠበት ተመልሶ የተነበበ ስኬት ከመግለጫው ጋር አንድ አካል ስለማይሆን መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ይሆናል። የመለያ ቁጥሩን ኢንዴክስ አድርጎ በኢንዴክስ 500 ላይ እውነት የሚል ዋጋ የሚያኖር ሰው ደግሞ አንድ ስኬት ብቻ ተከፍቶ ሳለ የአሬዩ ርዝመት 501 ሆኖ ያገኘዋል። ከማፕ ጋር የመጣው «ሴት» የተባለው ስብስብ ድግግሞሽን በተፈጥሮው ስለማይቀበል፣ መከፈቱን ብቻ ማወቅ ለሚበቃው ጨዋታ ከአሬይ ይመረጣል።

ይሁን እንጂ መከፈቱን ብቻ ማወቅ የሚበቃው ጨዋታ ጥቂት ነው። በ2013 የወጣው ዘ ስታንሊ ፓራብል፣ በጃቫስክሪፕት የተሠራ ባይሆንም፣ ለዚህ የሚጠቀስ ስኬት አለው፤ ተጫዋቹ ጨዋታውን ለአምስት ዓመት ሳይነካ ሲቀር የሚከፈት ነው። እውነትና ሐሰት ብቻ የሚያውቅ መዝገብ እንዲህ ያለውን ነገር ሊያስብ እንኳ አይችልም፤ ጊዜ መመዝገብ አለበት። በርካታ ተጫዋቾች የኮምፒውተራቸውን ሰዓት በአምስት ዓመት ወደፊት በመግፋት ከፍተውታል፤ ይህም በተጫዋቹ ማሽን ላይ ያለ ሰዓት ምስክርነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ያሳያል። ለተራ ስኬትም ቢሆን እውነት ከሚለው ቃል ይልቅ የተከፈተበትን ጊዜ መያዝ ትርፉ ብዙ፣ ዋጋው ኢምንት ነው፤ ጊዜ ካለ መከፈቱ ታውቋል፣ ከሌለ አልተከፈተም፣ ቅደም ተከተሉም አብሮ ይገኛል። ጃቫስክሪፕት ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፉ ሚሊሰከንዶች ነው። በመዝገቡ መቀመጥ ያለበት ይኸው ባዶ ቁጥር ሲሆን፣ ለዓይን ሲቀርብ ግን «ኢንትል» የተባለው የቋንቋው ክፍል የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ስለሚያውቅ፣ ያው ቁጥር ለአማርኛ ተጫዋች በመስከረምና በጥቅምት፣ ለሌላው በየራሱ ወራት ሊጻፍለት ይችላል። ቀኑን በተጻፈ ጽሑፍ መልክ ያስቀመጠ ጨዋታ ይህን ዕድል ያጣል።

መዝገቡ ከተጫዋቹ ጋር የሚከርመው በብራውዘሩ ውስጥ ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው ማኖሪያ ነው፤ ይህ ማኖሪያ በአብዛኞቹ ብራውዘሮች ለአንድ ድረ ገጽ 5 ሜጋባይት ገደማ ቦታ ይሰጣል፣ የሚቀበለው ግን ጽሑፍን ብቻ ነው። ስለዚህ ኦብጀክቱ ጄሰን ወደሚባለው የጽሑፍ ቅርጽ ተለውጦ መግባት፣ ሲመለስም ከዚያ ቅርጽ መነበብ አለበት። በዚህ ጉዞ ላይ የሚጠፉ ነገሮች አሉ፤ ማስጠንቀቂያም ስለማይሰማ ብዙ ሠሪዎች ጉዳቱን የሚያውቁት ተጫዋቾች ሲያማርሩ ነው። ሴት እና ማፕ ምንም ያህል ቢሞሉ ባዶ ኦብጀክት ሆነው ይጻፋሉ፤ ቀድመው ወደ አሬይ መለወጥ አለባቸው። የቀን ኦብጀክት ጽሑፍ ሆኖ ይወጣና ጽሑፍ እንደሆነ ይቀራል። የስኬቱን ቅድመ ሁኔታ የሚመረምረው ፈንክሽን ደግሞ ጨርሶ ይሰረዛል፤ መግለጫውንና መዝገቡን በአንድ ኦብጀክት ያደባለቀ ጨዋታ ሁሉን በጅምላ አስቀምጦ ሲመልስ ስኬቶቹ ከእንግዲህ ራሳቸውን መመርመር የማይችሉ ሆነው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። መለያና ጊዜ ብቻ የያዘ መዝገብ ግን ከጄሰን አልፎ ያለ ጉዳት ይመለሳል፤ ቅርጹ አንድ ቀን ቢለወጥ የድሮውን ለይቶ ለማሻሻል እንዲቻልም አብሮት አንድ የእትም ቁጥር ይጻፋል። ተጫዋቹ የብራውዘሩን መረጃ ቢያጸዳ ማኖሪያው አብሮ ስለሚጸዳ፣ ኩኪ ክሊከር እንደሚያደርገው መዝገቡን በጽሑፍ አውጥቶ የሚወስድበትን መንገድ መስጠት ከሠሪው የሚጠበቅ አክብሮት ነው።

በተጫዋቹ ማሽን ላይ ያለ መዝገብ በተጫዋቹ እጅ ያለ መዝገብ ነው። ኩኪ ክሊከርን የሚጫወት ማንም ሰው የብራውዘሩን ኮንሶል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፍቶ ዊን የተባለውን ፈንክሽን ራሱ ሊጠራው ይችላል። የጨዋታው ሠሪ ይህን ለማገድ ከመድከም ይልቅ ብስኩቱን በኮንሶል ለሚያበዛ ሰው ራሱን የቻለ የጥላ ስኬት አዘጋጀ፤ በማጭበርበር የተገኘ ብስኩት ጣዕሙ መጥፎ እንደሆነ የሚናገር ነው፤ ምልክቱም ከመዝገቡ ጋር ይኖራል። ተጫዋቹ ከራሱ ጋር ብቻ ለሚወዳደርበት ጨዋታ ይህ አቋም ትክክል ነው። ስኬቱ በሌሎች ፊት የሚቆጠር፣ ሽልማት ወይም ደረጃ የሚያሰጥ ከሆነ ግን ምርመራው በሰርቨር ላይ፣ ከተጫዋቹ እጅ ውጭ መካሄድ አለበት፤ ኮዱን በማወሳሰብ ብራውዘሩን ምሽግ ለማድረግ የሚደረገው ሙከራ ሐቀኛውን ተጫዋች ከማስቸገር የዘለለ ፋይዳ የለውም።

አንድ ሰው በስልኩም በኮምፒውተሩም ሲጫወት ሁለት መዝገቦች ይፈጠራሉ፤ የሁለቱ መገናኘት አወቃቀሩ በጥንቃቄ የተመረጠ መሆን አለመሆኑ የሚፈተንበት ቦታ ነው። ብዙ ጨዋታዎች በኋላ የተጻፈው የቀድሞውን እንዲሽር ያደርጋሉ፤ በዚህም በስልኩ ላይ የተከፈተ ስኬት ኮምፒውተሩ መዝገቡን ሲልክ ይጠፋል። የተከፈተ ስኬት ተመልሶ ስለማይቆለፍ ግን ትክክለኛው ውሕደት የሁለቱ ስብስቦች ድምር ነው፤ በአንዱ ያለ ሁሉ፣ በሌላውም ያለ ሁሉ ይያዛል። ለሴት ስብስብ ይህን የሚሠራው «ዩንየን» የተባለው ፈንክሽን በ2025 የቋንቋው መደበኛ አካል ሆኗል፤ ጊዜ ለያዘ መዝገብ ደግሞ በሁለቱ የሚገኘውን መለያ ከቀደመው ጊዜ ጋር ማስቀረት ይበቃል። ውሕደቱ ከየትኛው ቢጀመር፣ ስንት ጊዜም ቢደገም ውጤቱ አንድ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል፦ ለቀናት ሳይዘጋ በቆየ የብራውዘር መስኮት ውስጥ የሚሠራው የድሮ እትም፣ አዲሱ እትም በስልክ ላይ የመዘገበውን፣ በራሱ የመግለጫዎች አሬይ ውስጥ የሌለ መለያ ሲያገኝ፣ በስክሪኑ ላይ ሊያሳየው ባይችልም ከመዝገቡ ሳያወጣ እንዳለ መልሶ መጻፍ አለበት።